ሳጥንና አንድ

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ አሠልጣኞች «ሳጥንና አንድ» ብለው የሚጠሩት የመከላከል ስልት አለ። ከአምስቱ ተከላካዮች አራቱ በቅርጫቱ ፊት እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ሠርተው ይቆማሉ፤ ሁለቱ ከላይ በቅጣት ውርወራው መስመር ጫፍና ጫፍ፣ ሁለቱ ከታች በቅርጫቱ ግራና ቀኝ። እነዚህ አራቱ ሰው አይጠብቁም፤ እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን መሬት ይጠብቃሉ። አምስተኛው ግን መሬት የለውም። የእርሱ ሥራ የተቃራኒውን ቡድን ዋነኛ አስቆጣሪ እንደ ጥላ መከተል ብቻ ነው። ኳሱ በሌላ ወገን ቢሆንም እርሱ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ የዚያን የአንዱን ሰው ደረት ያያል። አራቱ በዞን ሕግ፣ አንዱ ደግሞ ሰው ለሰው በሚባለው ሕግ ስለሚሠሩ ድብልቅ መከላከል ይሉታል።

ልብ ብሎ ለሚያየው ሳጥንና አንድ በሜዳ ላይ የሚነበብ ፍርድ ነው። ለአንዱ ተጫዋች «አንተን እንፈራለን» ይለዋል፤ ለቀሩት አራቱ ደግሞ «እናንተን ብንተዋችሁም ምንም አታመጡ» ይላቸዋል። አንዱ ይከበራል፣ አራቱ ይናቃሉ። ለዚህ ንቀት መልስ መስጠት የሚችለው የተከበረው ሰው አይደለም፤ የተናቁት ናቸው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን፣ በተለይ በእኛ ልጆች ዘንድ፣ ከባድ ሆኖ አይቼዋለሁ።

እኔ በሙያዬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አንባቢ «ሐኪሙን ከቅርጫት ኳስ ምን አገናኘው?» ቢል አይፈረድበትም። በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በሬኒየር ሸለቆ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የአበሻ ልጆች ቡድን አለ። እኔ ነጥብ እመዘግባለሁ፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትም ካለ አስርለታለሁ። አሠልጣኙ ሌላ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ከሱዳን የስደተኞች ጣቢያ ከወላጆቹ ጋር መጥቶ በዚሁ ሸለቆ ያደገ፣ ቀን በአውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ፣ ልጆቹ ሁሉ «ኮች» እያሉ የሚጠሩት ጎልማሳ ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ለዓመታት ተቀምጦ ነጥብ የሚጽፍ፣ ወደደም ጠላም፣ ጥቂት ነገር መማሩ አይቀርም።

ይሁንና ሳጥንና አንድን መጀመሪያ ያየሁት በሲያትል አይደለም፤ በኩባ ነው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆች ተሰብስበው በ1979 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ ወጣቶች ደሴት ሲላኩ እኔም አንዱ ነበርሁ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በደሴቲቱ ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እንሠራለን። ጎረቤቶቻችን ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ኩባውያን ቤዝቦልን እንደ ሃይማኖት ቢይዙትም ቅርጫት ኳስን አይንቁም፤ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ቡድናቸው ገና በሰው አፍ ላይ ነበር። ከእኛ መካከል ግን ኳስ በእጅም እንደሚጫወቱ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ቡድናችን አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ነበረው። ኳሷን ለእርሱ እንሰጣለን፤ እርሱ ያገባል፤ እኛ እናጨበጭባለን። ስልት ከተባለ ስልታችን ይኸው ነበር። አንድ ቀን የአንጎላ ልጆች መጡ። አንጎላ ከ1989 ጀምራ የአፍሪካን ዋንጫ ዐሥራ ሁለት ጊዜ መውሰዷን ዛሬ ሳስብ፣ ያን ቀን የደረሰብን ነገር ብዙም አይደንቀኝም። ለረጅሙ ልጃችን አንድ አጭር፣ ድካም የማያውቅ ልጅ መደቡለት። ልጃችን ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ። እኛ አራታችን ኳሷን ይዘን እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ቆመን «ለእርሱ እንዴት እናድርሳት?» እያልን እንጨነቃለን። ከፊታችን ያለው ሜዳ ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን ግን አንዳችንም አላየንም።

የስፖርት መምህራችን ኩባዊ ነበር። በእረፍት ሰዓት ረጅሙን ልጅ ጠራና እንዲህ አለው፦ «ሂድና ከመሐል መስመሩ አጠገብ ቁም። የጫማህን ክር እሰር። አስረህ ስትጨርስ ፍታውና እንደገና እሰር።» ልጁ አለቀሰ። የተቀጣ መስሎት ነበር። እንደታዘዘው ሄዶ ሲቆም ግን ያ አጭር አንጎላዊም ተከትሎት ሄደና አጠገቡ ቆመ። በቅርጫቱ ዙሪያ አራት ለአራት ቀረን፤ ሜዳውም በአንድ ጊዜ ሰፋ። በጨዋታው ተሸነፍን፤ ነገር ግን በሁለተኛው አጋማሽ ነጥብ ከአራታችንም እጅ ተገኘ። መምህሩ ማታ በቀዩ አፈር ላይ በእንጨት እየሣለ ነገሩን አስረዳን፦ አንድ ሰው ቆሞ አንድ ተከላካይ ከጨዋታ ካወጣ፣ ሥራውን ሠርቷል።

ከሐቫና በሕክምና ተመርቄ፣ አገሬ መንግሥት ለውጣ፣ በብዙ ጎዳና ዞሬ ሲያትል የደረስሁት በ1995 ነው። በማግሥቱ ዓመት የከተማይቱ ቡድን ሱፐርሶኒክስ ለፍጻሜ ደርሶ ከቺካጎ ቡልስ ጋር ገጠመ። በቼሪ ጎዳና ባለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ታክሲ ነጂውም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም፣ እኔም ተኮልኩለን ጋሪ ፔይተንንና ሾን ኬምፕን ስንመለከት ከረምን። ቺካጎ አራት ለሁለት አሸነፈ። ሰው ሁሉ ያወራ የነበረው ግን ስለ ማይክል ጆርዳን ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ሰው ላይ ሲነሣ የሚታየው ውበት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር አለ። በዚያ ዘመን በፕሮፌሽናሉ ሊግ ዞን መከላከል በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የተነሣው ከ2001 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የእኛ ዕድሜ አባቶች ጨዋታውን የተማሩት እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ሰው እንዲይዝ ሕግ ከሚያስገድድበት ቴሌቪዥን ነው። በልባቸው የተቀረጸው ሥዕል የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ነው፤ ጀግናው ጠባቂውን ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል። ልጆቻቸው በሚጫወቱበት በትምህርት ቤትና በሠፈር ውድድር ግን ዞንም ድብልቅም የተፈቀደ ነው። አባትና ልጅ አንድ ሜዳ እያዩ ሁለት ጨዋታ የሚያዩት ለዚህ ነው። ሱፐርሶኒክስም ከከተማይቱ ጋር ለአርባ አንድ ዓመት ኖሮ በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። የጆርዳን ሥዕል ግን በአባቶቹ ልብ ቀረ።

ወደ ስልቱ ልመለስ። አንድ ቡድን ድብልቅ መከላከል ሲገጥመው የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። ተከላካይ ደግሞ ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ እንዲያውም ሊያታልል ይሞክራል። ኮች ልጆቹን የሚያስተምራቸው ምርመራ ከእኛ ሙያ የተወሰደ ይመስላል። ኳሱን የያዘው ልጅ ለጓደኛው ያቀብልና በተከላካዮቹ መካከል ሰንጥቆ ወደ ማዶ ይሻገራል። ከዚያ ዞር ብሎ ያያል። የተከተለው ሰው ካለ መከላከሉ ሰው ለሰው ነው። ማንም ካልተከተለው ዞን ነው። ቀጥሎ ሌላው ይሻገራል፣ ከዚያም ሌላው። አንዱን ብቻ ተከትለው ሌሎቹን ከተዉ ሳጥንና አንድ ነው፤ ሁለቱን ተከትለው ሦስቱን ከተዉ «ሦስት ማዕዘንና ሁለት» የሚባለው ነው። ሆድ ሲያም እጅን ጭኖ ቀስ ብሎ መጫን፣ ከዚያም በድንገት ማንሣት እንደማለት ነው፤ የተነካው አካል የተደበቀውን ይናገራል። ብዙ ቡድን የሚሸነፈው ይህን ሳያደርግ ለተሳሳተ በሽታ ትክክለኛ መድኃኒት እየሰጠ ነው።

ከታወቀ በኋላስ? ሳጥኑ ከላይ ሁለት ሰው አለው። እኛም ከላይ ሁለት ሰው ካቆምን ለእያንዳንዳችን አንድ ጠባቂ አዘጋጀንላቸው ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ አንድ ሰው ብቻ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ፊት ለፊት ይቆማል። እርሱን ማን ይያዘው? ግራው «የቀኙ ይውጣ» ይላል፤ ቀኙ «የግራው ይውጣ» ይላል። ሁለተኛው አጥቂ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ፣ በቅጣት ውርወራው መስመር መሐል ይገባል። ሳጥን አራት ጎን እንጂ መሐል የለውም፤ ድክመቱ ሁሉ እዚያ ነው። ኳሱ እዚያ ላለው ሰው ከደረሰ አራቱም ተከላካዮች አንገታቸውን ወደ ውስጥ ያዞራሉ፤ በዚያች ቅጽበት ሁለቱ ጥጎች ይከፈታሉ። ሦስተኛውና አራተኛው አጥቂ በክንፍና በጥግ ሆነው የሚጠብቁት ይህችን ነው። ሦስቱ በአንድ ወገን ቢከማቹ ደግሞ በዚያ ወገን ያለው ተከላካይ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ አጥቂ ያለ ጠባቂ መቅረቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ዋናው አስቆጣሪ በዚህ ሁሉ መሐል ምን ይሠራል የተባለ እንደሆነ፣ ሦስት ነገር ሊሠራ ይችላል። አንደኛው እንደ ኩባው ልጅ ርቆ መቆም ነው። ሁለተኛው ከጥግ ወደ ጥግ በቅርጫቱ ሥር መሮጥ ነው፤ ተከታዩ ልጅ ከራሱ ሳጥን ሰዎች ጋር እየተጋጨ መንገድ ይጠፋዋል። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረኝ፣ ከለላ መሆን ነው። አስቆጣሪው ሄዶ ከሳጥኑ የታችኛው ተከላካይ አጠገብ እንደ ምሰሶ ይቆማል፤ ጓደኛው በጀርባው ተንሸራትቶ ወደ ጥግ ይወጣል። የታችኛው ተከላካይ በምሰሶው ታግዷል። ተከታዩ ልጅ ደግሞ «ከእርሱ አትለይ» ተብሏል። ታዲያ በጥግ ያለውን ማን ይሸፍን? ተከታዩ ትእዛዙን ጥሶ ከወጣ አስቆጣሪው በቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቀረ፤ ካልወጣ ጥጉ ነጻ ነው። ሁለት ተከላካይ በአንድ ሰው ተያዙ፤ ያውም ኳስ ባልነካ ሰው።

እንግዲህ ይህን ለአንድ አባት አስረዱ!

የእኛ አስቆጣሪ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ የተባረከ ነው። ከዚሁ ሸለቆ፣ ከሬኒየር ቢች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጀማል ክሮፎርድንና ኔት ሮቢንሰንን የመሳሰሉ ሰዎች ወጥተው በታላቁ ሊግ ተጫውተዋልና የልጁ አባት ሕልም ማየቱ አይፈረድበትም። አባትየው ከአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ይነዳል፤ ሌሊት ይሠራና ጠዋት ሳይተኛ ሜዳ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ያገኘነው ቡድን ሁሉ ሳጥንና አንድ ሲጫወትብን፣ ኮችም ልጁን ከለላ እንዲሆን ወይም ርቆ እንዲቆም ሲያዝዘው፣ አባትየው በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይንገሩልኝ እንጂ» አለኝ። «ልጄን ለምን ያቆሙታል? ለመቆም ለመቆምማ ቤቱም ይቆም ነበር።»

«ቆሞ አይደለም፤ አንድ ሰው ይዞልናል» አልሁት።

«ይኸው ነው እንዴ! እርሱ እኮ ሁለት ሰው አልፎ ያገባል። ብርቱን ሰው ተቀመጥ ብሎ ደካማውን ሥራ የሚል ሐኪም አይተው ያውቃሉ?»

ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። ልጁ በእርግጥ ሁለት ሰው አልፎ የሚያገባበት ቀን አለ። ነገር ግን የነጥብ መዝገቡ በእጄ ነበርና አሳየሁት፤ ተከታይ ተመድቦበት በግድ ከወረወራቸው ዐሥራ አራት ኳሶች የገቡት ሦስት ነበሩ። ገጹን ረጅም ጊዜ ተመለከተና «ቢሆንም» አለ። ይህች «ቢሆንም» ከአመክንዮ የመጣች አይደለችም። ይህ ሰው ለሃያ ዓመት ሌሊት የነዳው አንዱ ልጁ በሰው ሁሉ ፊት እንዲያበራ ነው። ለቀሩት አራቱ ልጆች አባቶችም እንዲሁ የነዱ መሆናቸውን ያውቃል፤ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላለውም።

ስለ «አንዱ» መናገር ለእኔም ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤታችን አንዱ እኔ ነበርሁና። ከስድስት ልጆች መርጠው የላኩት እኔን ነው። ሐኪም ከሆንሁበት ጊዜ ጀምሮ የቤት ኪራዩም፣ የትምህርት ክፍያውም፣ የእናታችን መድኃኒትም በእኔ እጅ አለፈ። ማንም አላስገደደኝም፤ አላጉረመረምሁምም። በ2020 የፀደይ ወራት፣ የኮሮና ወረርሽኝ በዚህ አገር መጀመሪያ በእኛው አውራጃ ሲበረታ፣ ለሁለት ወር ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሆስፒታል ከመመላለስ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልሁም፤ ገንዘብም አልላክሁም። ፋታ አግኝቼ ስደውል ታላቅ እኅቴ «አንተ ብቻ በሕይወት ቆይ፤ እኛ ይዘነዋል» አለችኝ። አንዱን ክፍል አከራይታለች፤ ታናሹ ወንድማችን ከጓደኛው ባጃጅ እየተቀበለ ይሠራል፤ የእናታችንን መድኃኒት ደግሞ ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው፣ ሁልጊዜ «ሕፃኗ» የምንላት፣ ከአንድ ፋርማሲ በዱቤ አስፈቅዳለች። ሕፃኗ በዚያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ሳቅሁ፤ ስለ ምን እንደሳቅሁ ባለቤቴ ብትጠይቀኝ ስለ አንጎላ ልጆች ነገርኋት፤ ግራ ገባት።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። በ2019 የፍጻሜ ውድድር ሁለተኛ ጨዋታ፣ የቶሮንቶው አሠልጣኝ ኒክ ነርስ በስቴፈን ከሪ ላይ ሳጥንና አንድ አወጣ። በታላቁ ሊግ፣ ያውም በፍጻሜ፣ እንዲህ ያለ የልጆች ስልት የሚጠብቅ አልነበረም። ኬቪን ዱራንት በጉዳት ከሜዳ ውጭ ነበር፤ ክሌይ ቶምሰንም በአራተኛው ክፍል ቋንጃውን ታሞ ወጣ። የቀረው አንድ አስፈሪ ከሪ ብቻ ነበርና ፍሬድ ቫንቭሊት እንዲከተለው ተደረገ። የጎልደን ስቴት ቡድን ከአምስት ደቂቃ በላይ አንድም ነጥብ አጣ፤ ቶሮንቶ ከዐሥራ ሁለት ነጥብ ልዩነት ወደ ሁለት ደረሰ። በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ሁለት ሰው ከሪ ላይ ተረባረበ። እርሱ ኳሷን ለሾን ሊቪንግስተን ሰደዳት፤ ሊቪንግስተን ደግሞ ብቻውን ቆሞ ለነበረው ለአንድሬ ኢጓዳላ። ኢጓዳላን ማንም አልያዘውም፤ በፍርዱ መሠረት የማይፈራው እርሱ ነበር። ወረወረ፣ ሦስት ነጥብ ሆነ፤ ጨዋታው 109 ለ104 አለቀ። ዋንጫውን በመጨረሻ የወሰደው ቶሮንቶ ነው፤ ስለዚህ ነርስን አላዋቂ ማለት አይቻልም። ሰዎች ስለዚያ ምሽት ሲያወሩ የሚያነሡት ግን የነርስን ድፍረት ነው። እኔን የሚገርመኝ ኢጓዳላ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ቡድኑ ደርቆ፣ የዓለም ዓይን ሁሉ በከሪ ላይ ሆኖ፣ ኳሷ ስትደርሰው «ለእርሱ ልመልስለት» አላለም።

የእኛ ልጆች የሚሉት ይህንኑ ነው። ከጎንደር የመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አለን፤ ዝምተኛ ነው። በልምምድ ብቻውን ሲወረውር ከዐሥር ሰባት ያገባል። በጨዋታ ኳሱ ሲደርሰው ግን ሜዳው ባዶ ሆኖ ሳለ ኳሱን ወደ አስቆጣሪው ይመልሳል። ተከላካዮቹ ይህን ስላወቁ አጠገቡ እንኳ አይደርሱም። አንድ ቀን «ለምን አትወረውርም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እርሱ እያለ እኔ ምን ብዬ?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካልገባስ? ምን ይሉኛል?» አለ።

ሳጥንና አንድን ማን እንደፈጠረው አላጣራሁም፤ ስለ ይሉኝታ ግን ሳይማር የተፈጥሮ ዕውቀት ያለው ሰው መሆን አለበት። ስልቱ ጉልበት የሚያገኘው ከተከላካዮቹ ፍጥነት ይልቅ ከአራቱ እፍረት ነው። እኛ ደግሞ እፍረትን በጨዋነት ስም አሳምረን የምናሳድግ ሕዝብ ነን። ትልቅ ሰው ሳይጀምር ገበታ አይነካም፤ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። በማዕድ ዙሪያ ይህ ማዕረግ ነው፤ እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ አልጸጸትበትም። ቅርጫት ኳስ ግን ገበታ አይደለም፤ በሃያ አራት ወይም በሠላሳ ሰኮንድ ውስጥ የሚነሣ ማዕድ ነው።

ኮች ስብከት አይወድም። ያደረገው ሌላ ነው። ለአራት ሳምንት በልምምድ ላይ አስቆጣሪው ኳስ እንዳይነካ ከለከለ። ልጁ ከለላ ብቻ ይሆናል፤ ይሮጣል፤ ይቆማል። የወረወረ ሰው ቢስት አይወቀስም፤ ነጻ ሆኖ ሳይወረውር የመለሰ ግን ሜዳውን ሁለት ጊዜ ይሮጣል። የጎንደሩ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሲሮጥ ዋለ። እኔ በበኩሌ እንደ ልማዴ አየሁት፤ ኳሱን ሲቀበል አንድ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ይስባል። ያቺ ትንፋሽ አንድ ሰኮንድ ያህል ናት፤ ተከላካይ ከሳጥኑ ወጥቶ እጁን ፊቱ ላይ ለመዘርጋት የሚበቃውም ያው አንድ ሰኮንድ ነው። «ኳሱ በአየር ላይ እያለ ተንፍስ፤ እጅህ ሲገባ ጨርሰህ ጠብቅ» አልሁት። በሙያዬ ለቡድኑ ያበረከትሁት ምክር ይኸው ብቻ ነው።

አስቆጣሪው ምን ያህል እንደተቸገረ መናገር ይገባል። ስለ አራቱ ብቻ ስጽፍ እርሱን እንዳልበድለው እፈራለሁ። ከለላ መሆን ያማል፤ ትከሻ ይመታል፤ ጭብጨባ የለውም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ አኩርፎ ቀረ። በማግሥቱ አባቱ በታክሲው ይዞት መጣና ከበር ላይ ሆኖ ለኮች «እንካ፣ የእናንተው ምሰሶ» አለው። የሥላቅ ንግግር ነበር፤ ግን አምጥቶታል።

በየካቲት ያን አስቀድሞ በሰፊ ልዩነት ያሸነፈንን ቡድን እንደገና አገኘነው። እንደጠበቅነው ሳጥንና አንድ ይዞ መጣ። የጎንደሩ ልጅ በጥግ ስምንት ጊዜ ወረወረ፤ አራቱ ገቡ። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ የተቃራኒው አሠልጣኝ እረፍት ጠይቆ ሳጥኑን አፈረሰና ሰው ለሰው ገባ፤ ያን ጊዜ አስቆጣሪያችን ተፈታ። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ልጆቹ አዝነው ወጡ፤ አባትየው ግን ከመኪናው ወርዶ የጎንደሩን ልጅ ጭንቅላት ዳበሰና ምንም ሳይናገር ተመልሶ ገባ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከሌላ ቡድን ጋር ነበር። ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ልጆቹ እንደተማሩት አንድ በአንድ ሰንጥቀው ተሻገሩ፤ ኮችም ከወንበሩ ተነሥቶ አየ። አስቆጣሪውን አንድ ልጅ ተከተለው። የጎንደሩንም ልጅ አንድ ልጅ ተከተለው። ሦስቱ በቅርጫቱ ፊት ሦስት ማዕዘን ሠርተው ቆሙ።

የጎንደሩ ልጅ ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ ወደ መዝገቤ ጠረጴዛ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ይህ ልጅ ለምን ይከተለኛል?» አለኝ።

«እርሱን ጠይቀው» አልሁት።

ኮች በሰሌዳው ላይ መሣል ጀምሮ ነበር። ሦስት ማዕዘን ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት ሰው ስላለው ሁለቱ ክንፎች ይከፈታሉ፤ የተከተሏቸው ሁለቱ ልጆች አንዱ ለአንዱ ከለላ እየሆኑ በአንድ ወገን ይደክማሉ፣ በዚያው ሁለት ሰው ይይዛሉ። የቀሩት ሦስቱ ናቸው የሚወረውሩት። ከሦስቱ አንዱ በቀኝ ክንፍ የቆመው፣ መነጽሩን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር ያሰረው፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ የወረወረው ትንሽ ልጅ ነበር። ኳሱ ደረሰው። መነጽሩን አስተካከለ፤ ተከላካዩም ደረሰበት። ኮች ከዳር ሆኖ «ምንም አይደለም፣ ገና ነው» አለና እጁን ወደ ክንፉ እያመለከተ ኳሱ እንደገና ለእርሱ እንዲሰጠው ጮኸ።